ባይነሪን በወረቀት ማስላት፣ «የጠፋውን» 69 ጊጋባይት ማግኘት

በአሥርዮሽ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እንደምንለው ባይነሪም የራሱ ቤቶች አሉት፤ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128 እያሉ በእጥፍ ያድጋሉ። በየቤቱ የሚገባው 0 ወይም 1 ብቻ ነው። ይህች አንዷ አሃዝ ቢት ትባላለች፤ ስምንት ቢት ደግሞ አንድ ባይት ነው።

181ን ወደ ባይነሪ ለመቀየር ለ2 እያካፈሉ ቀሪውን በጎን ይጻፉ፦

181 ÷ 2 = 90፣ ቀሪ 1
90 ÷ 2 = 45፣ ቀሪ 0
45 ÷ 2 = 22፣ ቀሪ 1
22 ÷ 2 = 11፣ ቀሪ 0
11 ÷ 2 = 5፣ ቀሪ 1
5 ÷ 2 = 2፣ ቀሪ 1
2 ÷ 2 = 1፣ ቀሪ 0
1 ÷ 2 = 0፣ ቀሪ 1

ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ ያንብቡ፦ 10110101። ስህተት የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው 10101101 ያገኛል፤ እሱ 173 ነው። ድርሻው 1 ሲደርስ «አለቀ» ብሎ ያቆመ ደግሞ የ128 ቤቷን 1 ጥሎ 53 ላይ ይቀራል። ማካፈሉ የሚያበቃው ድርሻው 0 ሲሆን ነው። መልሱን ለማጣራት 1 ያለባቸውን ቤቶች ይደምሩ፦ 128 + 32 + 16 + 4 + 1 = 181። ኢ-ተጋማሽ ቁጥር በ1 መጨረሱን ማየትም ይረዳል፤ ግን 173ም 53ም በዚህ ፈተና ስለሚያልፉ በእሱ ብቻ አይተማመኑ።

መለኪያዎቹ ላይ ግን የሚያስቸግረው ስሌቱ ሳይሆን ስሙ ነው። ኪሎ 1,000 ማለት ነው፤ ኮምፒውተር የማኅደረ ትውስታ አድራሻን በባይነሪ ስለሚቆጥር ግን 1,024 ባይትን ኪሎባይት ማለት ተለመደ። በ1998 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለ1,024ቱ ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት የሚሉ ስሞች አወጣ። ዊንዶውስ ግን ዛሬም በ1,024 እያካፈለ ጊጋባይት ብሎ ይጽፋል።

1 ቴራባይት (1,000 ጊጋባይት) የተባለ ዲስክ 1,000,000,000,000 ባይት ይይዛል። ወደ ኪሎ፣ ወደ ሜጋ፣ ወደ ጊጋ ለመድረስ ለ1,024 ሦስት ጊዜ ያካፍሉት፦ 976,562,500፣ ከዚያ 953,674.3፣ ከዚያ 931.3። ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት የሚለው ይህንኑ ነው፤ 69ኙን የበላው የለም። ያው ዲስክ ማክ ላይ ሲሰካ 1 ቴራባይት ገደማ ይላል፣ ማክ የሚያካፍለው ለ1,000 ነውና። ክፍተቱ በኪሎ 2.4 ከመቶ ብቻ ሲሆን ቴራ ላይ ወደ 10 ከመቶ ይደርሳል። ራም (የኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ) ሁልጊዜ በ1,024 ይቆጠራል፤ 8 ጊጋባይት ራም 8,589,934,592 ባይት ነው።

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በባይት። ስለዚህ በሰከንድ 40 ሜጋቢት ሲባል ለ8 አካፍለው 5 ሜጋባይት ይበሉ። 3 ጊጋባይት ፋይል ለማውረድ 3,000 ÷ 5 = 600 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ። በተግባር ትንሽ ይበልጣል፤ መስመሩ ላይ ከፋይሉ ጋር አድራሻና መቆጣጠሪያ መረጃም ይጓዛል።

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ አንድ ነገር ልጨምር፦ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ሥርዓት) «ሀ» ብቻዋን 3 ባይት ትወስዳለች። 255 ባይት የሚል ገደብ ያለው የመጻፊያ ሳጥን 85 ፊደል ብቻ ይይዛል። ፕሮግራሙ ፊደል ሳይሆን ባይት ቆጥሮ ከቆረጠ፣ የመጨረሻዋ ፊደል መሃሏ ላይ ልትሰበርና በቦታዋ የጥያቄ ምልክት ሊወጣ ይችላል።