የአሸዋ ስኩፕ ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ፣ ወሩ መስከረም ነው። ዋናተኛው ተመናምኗል፣ ውኃው ግን ገና አልቀዘቀዘም። ጭኔ ድረስ ገብቼ ቆሜያለሁ። በሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም በብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ የጠፋ ወርቅ እየፈለግኩ ነው። በጆሮ ማዳመጫዬ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማኛል፤ ኮይሉን፣ የመሣሪያውን መፈለጊያ ራስ፣ ከግራም ከቀኝም ባመጣው አይለወጥም። እንዲህ ያለ ድምፅ ልብ ያዘልላል። አሸዋ መዛቂያ ስኩፔን ከድምፁ ትንሽ ኋላ ተከልኩና በእግሬ ረገጥኩት። ወደ ኋላ ስጎትተው እጀታው ከቅርጫቱ ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ እጥፍ አለ።

ሁለት ማዕበል ተከታትሎ መጣ። ጉድጓዱ ተደፈነ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዞርኩ፣ ድምፁን መልሼ አላገኘሁትም።

ሜታል ዲቴክተር ዕቃው ያለበትን ይነግራችኋል፤ የሚያወጣው ግን ስኩፑ ነው። ብዙ ሰው ለመሣሪያው ብዙ መቶ ዶላር ከፍሎ ስኩፕ ላይ ሲደርስ እጁ ይያዛል። ስኩፕ ለማታውቁት፣ አካፋና ወንፊት በአንድ ላይ ማለት ነው። ከፊቱ ስለት ያለው፣ ጎኑና ጀርባው የተበሳሳ ቅርጫት ነው። አሸዋውን ትዝቁበታላችሁ፣ ውኃው ውስጥ ታንገዋልሉታላችሁ፣ አሸዋው ይወጣና ዕቃው ይቀራል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። አመራረጡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

የደረቅ አሸዋ ስኩፕ ይዞ ውኃ መግባት

በእጅ የሚያዘው አጭር ፕላስቲክ ለደረቅ አሸዋ ጥሩ ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ልጆችም ይይዙታል። ውኃ ውስጥ ግን አይሆንም። ጎንበስ ስትሉ ማዕበሉ ፊታችሁን ይመታል፣ ዕቃውም ከእጃችሁ ይወሰዳል። ለውኃ የሚሆነው እጀታው ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያለው ነው። ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ በእግራችሁ የምትረግጡት መሆን አለበት።

ሌላም ምክንያት አለ። የ14 ካራት ወርቅ እኩል መጠን ካለው የአሸዋ ቅንጣት ወደ 5 እጥፍ ይከብዳል። ማዕበሉ አሸዋውን ባነቃነቀው ቁጥር ቀለበቱ ወደ ታች ይሰምጣል። የሚቆመው ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ነው፤ ጭቃ፣ ጠጠር ወይም የተጠቀጠቀ ዛጎል። ስለዚህ ወርቅ የሚገኝበት ወለል ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። ፕላስቲክ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

የቀዳዳውን መጠን ሳያዩ መግዛት

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ገበያ ላይ ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ናቸው። አንዳንዶቹ ከዚያም ይጠባሉ። ቀዳዳው ሰፋ ሲል አሸዋው በሁለት በሦስት ንቅናቄ ይወጣል፣ ክንዳችሁም ያርፋል። የአዋቂ ቀለበትም በክብ ቀዳዳ አያልፍም። የጆሮ ሎቲና ቀጭን ሰንሰለት ግን ያልፋሉ። ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ ትንሹም ነገር ይቀራል፣ ግን ቅርጫቱን ለማጥራት ረጅም ጊዜ ማንገዋለል አለባችሁ። ጠጠርና ዛጎል የበዛበት ቦታ ደግሞ ጠባቡ ቀዳዳ ይደፈናል።

አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን ውኃ ዳር ስታጫውት የሕፃኗ የአንገት መስቀል ጠፋ። የክርስትና እናቷ የሰጠቻት ናት፣ የወርቅ፣ ስፋቷ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ቀጭን ሰንሰለት ለዲቴክተር ከባድ ነው፤ ቀለበቶቹ እያንዳንዳቸው በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ድምፅ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ መቆለፊያው ወይም የተንጠለጠለው ነገር ነው። እኛም ያገኘነው የመስቀሏን ድምፅ ነው፣ እሱም ደካማ ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ዝቄ ቅርጫቱን ከውኃው ሳወጣ መስቀሏ ከውስጥ ቀርታለች፣ ሰንሰለቱ ግን በአንዱ ቀዳዳ ሾልኮ ከታች ተንጠልጥሏል። ውኃ ያንጠባጥባል። እናትየው ያንን ሰንሰለት እያየች አለቀሰች። የያዝኩት ስኩፕ ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር ነበር። 16 ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ሄደው ነበር።

ስለ ቅርጹም ልብ አድርጉ። ረዘም ያለ ስንጥቅ ያለው ስኩፕ አሸዋ ቶሎ ያስወጣል፣ ነገር ግን ቀለበትም ሳንቲምም በጠርዙ ቆሞ ያልፍበታል። ሱቅ ስትሄዱ ዳይም ያዙ። ከአሜሪካ ሳንቲሞች ትንሹ እሱ ነው፣ 17.9 ሚሊ ሜትር። በሁሉም አቅጣጫ፣ በጠርዙም ጭምር ሞክሩት። ካለፈ ያንን ስኩፕ አትግዙ።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ ያለውን ያዙ ነው የምለው።

«አይዝግም» የሚለውን ቃል ብቻ ማመን

በዚንክ የተለበጠ ብረት አዲስ ሲሆን ያብለጨልጫል። አሸዋ ግን እንደ ሸካራ ወረቀት ነው፤ ስለቱ ላይ ያለውን ልባስ ይፍቀዋል። ከዚያ ጨው ይገባል፣ ዝገቱ ይጀምራል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ጠጠር ላይ ግን ስለቱ ቶሎ ይበላል፣ ይጣመማልም።

ስቴንለስ ስቲልም አንድ ዓይነት አይደለም። 304 የሚባለው ለሐይቅ ውኃ ይበቃል፤ ባሕር ላይም ተጠቅማችሁ በንጹሕ ውኃ ካጠባችሁት ረጅም ጊዜ ያገለግላል። 316 ደግሞ ሞሊብዲነም የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት የባሕር ጨውን በተሻለ ይቋቋማል። ሻጩ የትኛው እንደሆነ መናገር ካልቻለ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ታይታኒየም ከሁለቱም ቀላል ነው፣ ለክብደቱም ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል።

ትልቁ ይሻላል ብሎ ማሰብ

ትልቅ ቅርጫት ያጓጓል። አንድ ጊዜ ሲዛቅበት ብዙ አሸዋ ይወጣል፣ እውነት ነው። ግን እናስላው። 4 ሊትር የሚይዝ ቅርጫት እርጥብ አሸዋ ሲሞላ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። በዚያ ላይ የስኩፑ የራሱ ክብደት አለ። ያንን ለሦስት ሰዓት፣ ማዕበል እየገፋችሁ፣ በአንድ እጅ! በሌላው እጃችሁ ዲቴክተሩን ይዛችኋል። ማታ ወገባችሁን ይዛችሁ ነው የምትተኙት።

በጣም ትንሽ ከሆነም ድምፁ ያለበትን ቦታ ትስታላችሁ። የአፉ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ለብዙ ሰው ይስማማል። መጠነኛ ክብደት ግን ይኑረው፤ በጣም የቀለለ ስኩፕ ማዕበል ሲመታው ወለሉ ላይ አይረጋም።

ብየዳውንና መርገጫውን አለማየት

የኔ ስኩፕ የታጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። አሸዋ ውኃ ውስጥ ሲሆን ቅርጫቱን ይዞ ይስባል። ወደ ኋላ ስትገፉት ጉልበቱ በሙሉ የሚያርፈው እጀታውና ቅርጫቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ በአንድ ነጥብ ብቻ የተበየደ ከሆነ ዛሬ ባይሆን ነገ ይሰበራል። እጀታው ቅርጫቱን ቢያንስ በሁለት ቦታ የያዘ፣ ወይም ደጋፊ ብረት ያለው ይሁን። ብየዳውን በጣታችሁ ዳስሱት። ቀዳዳ ካለው፣ ዳር ዳሩ ካልሞላ፣ መልሱት።

ከኋላው የእግር መርገጫ መኖሩንም እዩ። ጠባብ ብረት በስስ የውኃ ጫማ ስትረግጡት ውስጥ እግር ያቆስላል። ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ መርገጫ ነው የሚያስፈልገው።

የእንጨት እጀታ ያለው አትናቁ። ሲሰበር ከየትኛውም የግንባታ ዕቃ መደብር ሌላ ገዝታችሁ ትተካላችሁ። እየራሰና እየደረቀ ስለሚላላ ግን ከመግባታችሁ በፊት ብሎኑን አጥብቁ።

ስኩፑም ብረት መሆኑን መርሳት

ከኮይሉ አጠገብ ካመጣችሁት ዲቴክተሩ ስኩፑን ራሱን ያገኝና ይጮኻል። ከኋላችሁ እየጎተታችሁ ሂዱ። ረዥም እጀታ ለዚህም ይጠቅማል። ገመድ አስራችሁ ከወገባችሁ ጋር አያይዙት።

የሚፈቀድበትን ቦታ ሳያጣሩ ገንዘብ ማውጣት

ከኦሽን ሲቲ አለፍ ብሎ ያለው የአሳቲግ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ላይ ሜታል ዲቴክተር የተከለከለ ነው። በአሜሪካ በሌሎቹ ብሔራዊ ፓርኮችም እንዲሁ ነው፣ ይዞ መገኘት እንኳ ያስቀጣል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። በ1978 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ያለ ፈቃድ በሜታል ዲቴክተር ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ የዚያ አገር ባሕር ዳርቻ ደግሞ ቅርስ የሞላበት ነው። መጀመሪያ የምትሄዱበትን ቦታ ደንብ እወቁ፣ ከዚያ ወለሉ ልቅም ያለ አሸዋ ይሁን ጠጠር እዩ፣ ስኩፑን በመጨረሻ ግዙ።

እኔ አሁን የምይዘው ከ316 የተሠራ፣ ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር፣ እጀታው የእንጨት የሆነ ነው። ከቅርጫቱ ግርጌ ትንሽ ጠንካራ ማግኔት አስሬበታለሁ፤ የፀጉር መያዣና የዛገ መንጠቆ እሱ ላይ ይለጠፋል። ሆኖም ያለ ጓንት እጄን ቅርጫቱ ውስጥ አልሰድም፣ ሁሉም መንጠቆ በማግኔት አይያዝምና። ከውኃው ከመውጣቴ በፊትም የቆፈርኩትን ሁሉ በእግሬ እየገፋሁ እደፍናለሁ። በነጋታው እዚያው ላይ ልጆች ይሮጡበታል።