ጠዋት ብርድ ላይ አልነሳ የሚል ዴስክቶፕ፦ ብዙዎቻችን የምንሠራቸው ስህተቶች

ኅዳር ገብቶ የደሴ ብርድ ሲጠነክር ሱቃችን የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ማታ በደንብ አጥፍቼው ነበር፣ ጠዋት አልነሳ አለኝ። ረፋድ ላይ ግን ራሱ ተነሳ።» እኛ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው የምንሠራው። የራሳችንም አንዱ ዴስክቶፕ እንዲሁ ሆኖ ሁለት ወር አሰቃይቶናል። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሰው ፎርሙን ይዞ ቆሟል፣ ቁልፉን ትጫናለህ፣ ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ቀጥ ይላል። ድጋሚ ስትጫን ትንሽ ጨምሮ ይዞራል። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ይነሳና ቀኑን ሙሉ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ያኔ የባከነው ጊዜና ብር አሁንም ይቆጨኛል። እናንተም እዚያው ላይ እንዳትወድቁ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ከሞቀ በኋላ ጥገና ቤት መውሰድ ነው። ብልሽቱ ያለው ብርድ ላይ ብቻ ነዋ! እኛ ኮምቦልቻ ጎበዝ ቴክኒሻን አለ ተብለን ሲስተም ዩኒቱን፣ ማለትም ዋናውን ሳጥን፣ ሚኒባስ ላይ ጭነን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል አየሩ ሌላ ነው፣ እኛም ጃኬታችንን አውልቀን ነው ሱቁ የገባነው። ልጁ ሰካው፣ ተጫነ፣ በአንዴ ተነሳ። አጠፋ፣ አበራ፣ ደጋገመው። «አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ምንም አልሆነም» አለኝ። እሱ ያየውን ነው የተናገረው። ደሴ መልሰን አምጥተን በማግስቱ ጠዋት ስንጫነው ያው ግማሽ ዙር።

ስለዚህ ለቴክኒሻኑ «አሳድረውና ጠዋት ሌላ ነገር ሳትነካ መጀመሪያ እሱን ሞክር» በሉት። ካልሆነ የመጀመሪያዋን ሙከራ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። በቀን ያላችሁ አንድ ዕድል ነው፣ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ዕቃው መሞቅ ጀምሯል። በቪዲዮው የሚታየው ይህ ይሁን፦ ሳትጫኑት በፊት ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ትንሿ መብራት በርታለች ወይ? ፋኑ ዞረ ወይስ ጭራሽ አልተነቃነቀም? የቢፕ ድምፅ አለ? ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ብቻ ነው ጥቁር የሆነው? እያንዳንዱ መልስ ወደተለያየ ቦታ ነው የሚወስዳችሁ። ፋኑ እየዞረ ቢፕ ካለ ለምሳሌ ራሙን፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ረዘም ያለ የሜሞሪ ካርድ፣ ጠርጥሩ። ገመዱን ከግድግዳው ነቅላችሁ አውጡት፣ ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ብናኙን አራግፋችሁ መልሱት። ብርድ ላይ ብረት ሲኮማተር የላላ ንክኪ ይለቃል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይያያዛል።

ሁለተኛው፣ እስኪነሳ ድረስ መጫን። ይሠራል፣ ችግሩም ያ ነው፤ ስለሚሠራ ለወራት እንቀጥላለን። ለምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን ኃይል ለኮምፒውተሩ በሚሆን መጠን የሚቀይረው ሳጥን፣ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ዕቃዎች አሉ፣ ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ሲያረጁ ፈሳሹ ይደርቃል። በዚያ ላይ ብርድ ሲጨመርበት የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል፣ የውስጥ ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል፣ የሚወጣው ቮልቴጅም መርገብገብ ይጀምራል። ፓወር ሰፕላዩ ደህና ሲሆን ለማዘርቦርዱ «ኃይሉ ተስተካክሏል፣ ጀምር» የሚል ምልክት በግራጫዋ ሽቦ ይልካል። ቮልቴጁ ካልተስተካከለ ያ ምልክት አይመጣም፣ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። ደጋግማችሁ ስትጫኑ ካፓሲተሩ ከውስጥ ይሞቅና ለዚያች ቀን ይበቃል። ማዘርቦርዱ ላይም እነዚሁ ካፓሲተሮች አሉ፤ በተለይ በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2007 አካባቢ የተሠሩ ብዙ ቦርዶች ላይ ጥራት የሌላቸው ገብተው ነበር። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው አብጦ ወይም ቡናማ ነገር አፍስሶ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ግን አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ሳያብጥም ይደርቃል።

ሦስተኛው፣ «እንግዲያው አላጠፋውም» ማለት። እኛም ሞክረነዋል። መብራት ሌሊት የሄደ ቀን ጠዋት ላይ እንጨት ሆኖ ጠበቀን። ሙቀት ደግሞ ካፓሲተርን ያስረጃል፤ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ነው የሚባለው። ከዚህ ይልቅ ይህን ሞክሩ። አንድ ሌሊት አጥፍታችሁ ገመዱን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ተዉት፣ በሌላው ሌሊት ከግድግዳው ንቀሉት። ተሰክቶ ሲያድር ተነስቶ ተነቅሎ ሲያድር እምቢ ካለ፣ ጥርጣሬው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የሚሠራው የ5 ቮልት ክፍል ላይ ይወድቃል። ያ ክፍል እስከተሰካ ድረስ 24 ሰዓት ስለሚሠራ ቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነው። ይህን ሙከራ ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ዊንዶውስ ፎርማት ማድረግ። የአምራቹ አርማ እንኳ ስክሪን ላይ ሳይመጣ የሚቆም ኮምፒውተር ዊንዶውስ ጋ አልደረሰም። ብራችሁን አትክፈሉ።

ሁሉን ነገር በብርድ ማሳበብም አለ። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል፣ ረፋድ ላይ ይስተካከላል፤ ለኛ ግን «ሲሞቅ ተነሳ» ይመስለናል። በቴስተር የግድግዳውን ሶኬት ለኩ፣ 220 አካባቢ መሆን አለበት። ከ180 በታች ሆኖ ካገኛችሁት ኮምፒውተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ደህና ስታቢላይዘር ተውሳችሁ ሞክሩ። ከኋላ ቀይ መቀየሪያ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ግን አደራ፣ 115 የሚለው ላይ አድርጋችሁ እንዳትሞክሩት። እዚያው ይቃጠላል።

አንድ ሌላ ነገር ሰው ቪዲዮ አይቶ የሚያደርገው፦ ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ አረንጓዴዋን ሽቦ ከጥቁሯ ጋር በሽቦ ማገናኘት። ፋኑ ሲዞር «ደህና ነው» ይላል። ጭነት የለበትማ! ባዶ አህያ ዳገት ወጣች ማለት ስንት ኩንታል ትሸከማለች ማለት አይደለም። ይልቅ እንደተሰካ ጠዋት ላይ ለኩት። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ቀዩን ጫፍ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካው የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ ጀርባ፣ ሽቦዎቹ በሚገቡበት በኩል አስገቡ። ሐምራዊዋ ሽቦ ሳትጫኑትም 5 ቮልት መስጠት አለባት። ስትጫኑት ቢጫዋ 12፣ ቀይዋ 5፣ ብርቱካኗ 3.3። መዛነፍ የሚፈቀድላቸው በመቶ 5 ነው፣ ማለትም ቢጫዋ ከ11.4 ካነሰች ችግር አለ። አንዳንድ የብራንድ ኮምፒውተሮች የራሳቸው አሰካክ ስላላቸው መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ።

ፓወር ሰፕላዩን ራሳችሁ አትክፈቱ። ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህ ይገድላል። ካፓሲተር መቀየር የሚችል ሰው ይክፈተው።

ማሞቅን በተመለከተ። እናቴ የከሰል ምድጃውን አጠገቡ አስጠግታልኝ ታውቃለች፣ ለኔ ብላ ነው። ግን አመዱ ፋኑ ውስጥ ይገባል፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፣ ኮምፒውተሩ ይቅር። የፀጉር ፎንም ሙሉውን ሲስተም ዩኒት ከነፉበት ምንም አያስተምርም፤ ይነሳል፣ የቱ ክፍል እንደነበር ግን አታውቁም። ፎን የሚጠቅመው ለመፈለግ ነው። ኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ራቅ አድርጋችሁ አንድ ክፍል ብቻ አሙቁ። ዛሬ ፓወር ሰፕላዩን፣ ነገ ራሙን። ከዚያ ፎኑን አጥፍታችሁ፣ ሰክታችሁ ሞክሩ።

የቀዘቀዘ ኮምፒውተር ሞቃትና እርጥብ ቦታ ገብቶ ወዲያው እንዳይሰካም ተጠንቀቁ፣ በተለይ በክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወስዱ። ከቅዝቃዜ የገባ መነጽር እንደሚያላብሰው ቦርዱም ላይ ውሃ ይቋጥራል። ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ።

ባትሪውስ? ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትደክም ሰዓትና ቀን ይጠፋል፣ አንዳንድ ቦርድ ደግሞ ብርድ ላይ ያስቸግራል። ርካሽ ናት፣ ቀይሯት። ግን ፋን ግማሽ ዙር ዞሮ ከቆመ በባትሪ አትሸወዱ።

የመጨረሻው፣ ሳይሞክሩ መግዛት። እኛ ማዘርቦርድ ልንገዛ ብር አዘጋጅተን ነበር። ጎረቤታችን ያለ አንድ ጋሼ «መጀመሪያ የኔን ፓወር ሰፕላይ ውሰድና አሳድረው» አለኝ። ማታ ቀየርኩት፣ ገመዱን ነቅዬ በሩን ዘግቼ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ጣቴ ደንዝዟል። ሰካሁት፣ አንዴ ተጫንኩ፣ ተነሳ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ በኋላ ቴክኒሻን ሲከፍተው የ5 ቮልቱ ክፍል ላይ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ነበር። እነሱን ቀይሮ መለሰልን፤ አሁንም ሁለተኛው ዴስክ ላይ እየሠራ ነው።