ላቫ ልታዩ ስትሄዱ ነፋሱን አስቀድሙ

የሚፈስ ላቫ በቅርብ ልታዩ ካሰባችሁ፣ ሰዓቱን ወደ ማምሻው አድርጉት። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ቅልጥ ዐለት እንኳ በቀን ብርሃን ጥቁር ቅርፊት ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሲጨልም ግን በየስንጥቁ ፍም ሆኖ ይወጣል።

እኔን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጋዙ ነው። ሙቀቱ ራሱ ገፍቶ ይመልሳችኋል። ከእሳተ ገሞራው የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ግን ነፋስ በዞረ ቁጥር ይከተላችኋል፣ ጉሮሮና ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ ነፋሱ ሁልጊዜ ከጀርባችሁ ይሁን፤ አቅጣጫው ከተቀየረ እናንተም ቦታ ቀይሩ። ተራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ጋዝ አያስቀርም፤ የአሲድ ጋዝ ማጣሪያ የተገጠመለት ጭንብል ያስፈልጋል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ እባካችሁ ከሩቅ ይይ።

አዲስ የረጋ ቅርፊት አትርገጡ፣ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝም ሳይታሰብ ሊናድ ይችላል። ላቫው ባሕር የሚገባ ከሆነ የሚነሳውን ነጭ እንፋሎት ራቁት፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ደቃቅ የመስታወት ቅንጣት አለበት።

የረጋው ድንጋይ ስለታም ነውና ጠንካራ ጫማ፣ ረጅም ሱሪና ጓንት አድርጉ። መመለሻው በጨለማ ስለሆነ የግንባር መብራት ከነትርፍ ባትሪው ያዙ።