ለልጆች የማኦሪን ሰማይና ባሕር ማስተማር፦ በቡጢና በጠጠር ጀምሩ

ይህን የምጽፈው ኒውዚላንድ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ለምታሳድጉ ነው። በክረምቱ መሀል የማታሪኪ በዓል፣ ማለትም በሰባቱ ከዋክብት የሚበሠረው የማኦሪ አዲስ ዓመት ሲደርስ ልጆች ቀለም የቀቡትን የወረቀት ኮከብ ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ። ደስ ይላል። ግን ነገሩ እዚያ ላይ ሲቆም ይቆጨኛል። የማኦሪ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ የሰማይ ዕውቀት በእጅ የሚለካ፣ በሰውነት የሚሰማ፣ በቃል የሚያዝ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ከዛሬ 700 ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ ፖሊኔዥያ ተነስተው እዚህ የደረሱት በእሱ ተመርተው ነው። ካርታ የለ፣ ኮምፓስ የለ። ልጅ ደግሞ የሚገባው ሲሠራው ነው። ስለዚህ ሥራ እንስጣቸው። የስልክ አፕ ለዛሬ ይቅር።

ከቡጢ እንጀምር። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ወደፊት ዘርጉና እጃችሁን ጨብጡ። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ስታዩ ቡጢያችሁ ከሰማዩ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የልጅ ቡጢ ትንሽ ነው፣ ክንዱም አጭር ነው፤ ስለዚህ ልኬቱ ከትልቅ ሰው ጋር ተቀራራቢ ነው። ልጆቼ ይህን በጣም ይወዱታል። ከአባታቸው እኩል የሚሆኑበት ነገር ነዋ!

አሁን የጠራ ማታ ጠብቁና መስቀል የሚሠሩትን ከዋክብት፣ የደቡብ መስቀልን ፈልጉ። በማኦሪ ማሁቶንጋ ይባላል። እዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ አይጠልቅም። ከመስቀሉ ራስ እስከ እግሩ ያለውን ርዝመት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ። ከእግሩ ተነስታችሁ በዚያው አቅጣጫ አራት ጊዜ ተኩል ቀጥሉ። የምታርፉበት ባዶ ቦታ የደቡቡ ሰማይ የሚዞርበት ነጥብ ነው። ከእሱ ቀጥ ብላችሁ ወደ አድማስ ስትወርዱ ደቡብን አገኛችሁ።

ከዚያ ከአድማስ ጀምሮ ቡጢ በቡጢ ላይ እየደረባችሁ እስከዚያ ነጥብ ቁጠሩ። ዌሊንግተን ላይ አራት ይሆናል፤ ከተማዋ ያለችው ከምድር ወገብ በስተደቡብ 41 ዲግሪ ላይ ነውና። ራሮቶንጋ ደሴት ላይ ብትቆሙ ሁለት ብቻ ነው። «አዲስ አበባስ?» አለችኝ ትልቋ ልጄ። አያቷ ጋ ይህ ነጥብ ከአድማስ በታች ነው፤ በምትኩ የሰሜኑ ነጥብ አንድ ቡጢ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በነጋታው አያቷ ጋ ደውላ ስለ ቡጢው ስታስረዳት ዋለች።

ታሪኩን የምነግራቸው ቡጢውን ከለመዱ በኋላ ነው። ያኔ ጆሯቸው ይከፈታል። ይህ ጥበብ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ማው ፒያሉግ የተባለ የማይክሮኔዥያ ሰው ሆኩሌአ የተባለችውን መንታ ታንኳ ያለ ምንም መሣሪያ ከሃዋይ እስከ ታሂቲ መራት። ሆኩሌአ በ1985 ኒውዚላንድ ደረሰች። እሷን ያየው ማኦሪው ሄክ በዝቢ ከካውሪ ዛፍ ቴ አውሬሬ የተባለችውን ታንኳ ሠራ። ቴ አውሬሬ በ1992 ወደ ራሮቶንጋ ሄደች። እዚህ ላይ ቆም በሉና ልጆቹን ጠይቁ፦ ወደ ራሮቶንጋ ስንቀርብ ያ ነጥብ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? ከአራት ወደ ሁለት እየወረደ መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት ፊታቸውን እዩት። የዛሬዎቹ መንገድ መሪዎችም የኮከብን ከፍታ የሚለኩት በእጃቸው ነው።

ቀጥሎ ጠጠር። በዝቢ በሰሜኑ ጫፍ አውሬሬ በተባለው ቦታ 32 የተቀረጹ ምሰሶዎችን ክብ አድርጎ ተክሎ የከዋክብት ኮምፓስ ሠርቷል። እናንተ 32 ጠጠር ይበቃችኋል። ባሕር ዳር ልጆቹ ይልቀሙ፤ ለአራቱ ዋና አቅጣጫዎች ትልልቅ ድንጋይ ይሁን። በየመሀላቸው ሰባት ሰባት ትንንሽ ጠጠር ይገባል። መሀሉ ላይ ልጁ ይቀመጥ፤ ታንኳው እሱ ነው። እያንዳንዱ ጠጠር ኮከብ የሚወጣበት ወይም የሚገባበት ቤት ነው። አንድ ኮከብ ከአንድ ቦታ ሲታይ ሁልጊዜ የሚወጣው ከዚያው ቤት ነው። ታውቶሩን፣ ማለትም የኦሪዮንን ቀበቶ ሦስት ኮከቦች ውሰዱ። ከምሥራቁ ትልቅ ድንጋይ ወጥተው በምዕራቡ ይገባሉ። ማታሪኪ ግን፣ ወደ ምሥራቅ ስትዞሩ፣ ከትልቁ ድንጋይ በስተግራ ከሦስተኛው ጠጠር ላይ ነው የምትወጣው። የምትገባውም ከምዕራቡ ድንጋይ ወደ ሰሜን ሦስተኛው ላይ ነው። ትንንሾቹ ይህ ሁሉ አይገባቸውም፤ አይግባቸው። የታውቶሩን ድንጋይ ካወቁ በቂ ነው።

ደመና ሲሆንስ መንገድ መሪው ምን ያደርጋል? ማዕበሉን በሰውነቱ ያዳምጣል። ከሩቅ የሚመጣ ማዕበል አቅጣጫውን ቶሎ አይቀይርም። ይህን ቤት ውስጥ በብርድ ልብስ መጫወት ይቻላል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ብርድ ልብሱ ላይ ይተኛ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አራቱን ጫፍ ይዘው ትንሽ ከመሬት ያንሱትና ከአንድ ወገን ብቻ ቀስ እያሉ ያወዛውዙት። ማዕበሉ ከየት እንደሚመጣ በጣቱ ይጠቁም። ሲለምደው ከሁለት ወገን አድርጉት፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ይችለዋል።

አሁን ወደ ማታሪኪ። ማታሪኪ ብዙዎቻችን ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸው ናቸው። በዓሉ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይከበራል። ቀኑ ከጨረቃ ጋር ስለሚሄድ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በ2026 ጁላይ 10 ላይ ይውላል። ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ፣ ሰማዩ ሳይቀላ፣ ሰሜን ምሥራቅ የሚታይበት ከፍታ ላይ ሁኑ። እኛ ዌሊንግተን ያለው ማታይራንጊ ተራራ ላይ እንወጣለን፤ ነፋሱ አይጣል ነው፣ ጋቢ ያዙ። መጀመሪያ ታውቶሩን አግኙ። ከዚያ ወደ ግራ ሂዱ፤ ሦስት ማዕዘን የሚመስለው ቴ ኮኮታ ነው። ደግሞ ወደ ግራ፤ ተጠጋግተው የሚብለጨለጩት ማታሪኪ ናቸው። ልጆች ይቁጠሩ፤ በባዶ ዓይን ስድስት ወይም ሰባት ማየት ጥሩ ነው።

በብዙ ማኦሪዎች ዘንድ ስም ያላቸው ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኙን ባንዴ አትጫኑባቸው። ለየልጁ አንድ አንድ ስጡ። ዋይቲ የወንዝና የሐይቅ ናት፣ ዋይታ የባሕር። ቱፑአኑኩ ከመሬት ውስጥ የሚበቅል ምግብ፣ ኡሩራንጊ ነፋስ። ሂዋ-ኢ-ቴ-ራንጊ የዓመቱ ምኞት የሚነገራት ናት። ፖሁቱካዋ ደግሞ የሟቾች ናት፤ በዓመቱ ያረፉ ሰዎች ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት የማኦሪ እናት አብረናቸው እንድንቆም የጋበዙን ጊዜ፣ «የእናንተንም ጥሩ» አሉን። ባለቤቴ የአባቱን ስም ጠራ። ለቀብር መድረስ አልቻለም ነበር። ልጆቹ አያታቸውን በዚያ ኮከብ ነው የሚያውቁት። ለእንደኛ ዓይነቱ ስደተኛ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥርዓቱን ግን ራሳችን ቤት አንሥራው። ጸሎቱንና የምግቡን እንፋሎት ለከዋክብት የማቅረቡን ሥርዓት የሚያውቁት ባለቤቶቹ ናቸው። በየከተማው ለሕዝብ ክፍት የሆነ የንጋት ሥርዓት አለ፤ እንግዳ ሆናችሁ ሂዱ። ወደ መሰብሰቢያ ቤታቸው ከገባችሁ ጫማ ይወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ልጅ ይህን ያውቃል። ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ራስ የምናሳርፍበት ትራስ ላይም አይቀመጥም። ይህን ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደመና ከሆነ አትዘኑ። የሚታይባቸው ቀናት ከአንድ በላይ ናቸው፤ በማግስቱ ድገሙት። ጭራሽ ካልሆነ ዌሊንግተን ያላችሁ በኬብል ካር ወጥታችሁ የከዋክብት ማያው ካርተር ኦብዘርቫቶሪ ግቡ፤ ኦክላንድ ያላችሁም ተመሳሳዩ ስታርዶም አለላችሁ። ታራናኪና ዋንጋኑይ ያላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ያካባቢውን ሰዎች ጠይቁ። እዚያ ብዙዎቹ የሚጠብቁት ማታሪኪን ሳይሆን ፑአንጋ የተባለችውን ኮከብ ነው። ከታውቶሩ ከፍ ብላ ብቻዋን ቦግ ብላ ስለምትታይ፣ ለትንሽ ልጅ እሷን ማግኘት እንዲያውም ይቀላል።