ስልኩን ቀን ማን ይይዘዋል?

የአእምሮ ጤና አፕ ሊጭኑ ከድሬዳዋ ታብሌት አንግበው ወደ ገጠሮቹ ቢዮአዋሌና ዋሂል የሚወጡትን ወጣት ባለሙያዎች እወዳቸዋለሁ። አንድ ስህተታቸው ግን አንገሽግሾኛል፤ ስልክን የግል ዕቃ አድርጎ ማሰብ።

ገጠር ስልክ የቤተሰብ ነው። ቀን አባወራው ገበያ ይዞት ይወርዳል፣ ማታ ልጆቹ ዘፈን ያዩበታል። ከሰው ሰምቼ አይደለም፣ ራሴ አጥፍቼ ነው። ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ አጥታ ለምታለቅስ እናት የአእምሮ ጤና አፕ ጫንኩላት። «ዛሬ ስሜትሽ እንዴት ነው? ማልቀስ ቀነሰልሽ?» የሚል ማስታወሻም በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንዲመጣ አድርጌ፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ማስታወሻው የደረሰው በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ነው፣ ባሏ እጅ። እሱ ማንበብ ስለማይችል ጎረቤቱ ጮክ ብሎ አነበበለት። በሳምንቱ ስሄድ አማቷ በር ላይ ጠበቁኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ምራቴን እብድ ነች አልክ?» ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ለእኔ ቀርቶ ለጤና ኤክስቴንሽኗም አፏን አልከፈተችም። ስለዚህ ማስታወሻውን አጥፉ። ከዚያ በፊት ስልኩን ቀን ማን እንደሚይዘው ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ አትጫኑ፤ በርጩማ ስባችሁ አውሩ።

አፑ ውስጥ ያለው የድብርት መለኪያ መጠይቅ፣ የፒኤችኪው-9 (PHQ-9)፣ ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። ሰውየው «አዎ» ካለ በኋላስ? ኔትወርክ ከሌለ መልሱ ስልኩ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። በዚያው ቀን ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው ሳታዘጋጁ መጠይቁን አትክፈቱ። ዘጠነኛውን ያስቀረ ባለ 8 ጥያቄ ቅጂ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰውየው ጫት ይቅም እንደሆነ ሳትጠይቁ የመጠይቁን የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ነጥብ አትደምሩ። ጫት ሁለቱንም ይነካል፤ ያቆመውን ደግሞ ዱካክ፣ ማለትም ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት፣ አያስተኛውም።

ኦሮምኛና ሶማሊኛ በሚነገርበት ቀበሌ አማርኛውን ብቻ ይዞ መውጣት ምን ይባላል? (አፑ «እርስዎ» እያለ ሲያወራ የድሬ ሰው ይስቃል፤ እሱስ ግድ የለም።)

«እስማማለሁ» የሚለውን በራሳችሁ ጣት ነክታችሁ አትለፉ። ነውር ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከሕግም ያጋጫል። ማንበብ ለማይችል በቃል አስረዱት፤ መረጃውን ማን ያየዋል፣ እምቢ ቢልስ ሕክምናው ይቀርበታል ወይ?

ፕሮጀክቱ የሚዘጋበትን ቀንም መጀመሪያውኑ ንገሯቸው። እኔ ባለመናገሬ፣ አፑ ከቆመ ከወራት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገበያ ላይ ክንዴን ይዘው «አቦ፣ ያ ስልክ ውስጥ የነበረው ልጅ ታመመ እንዴ?» ብለውኛል።