የደከመ ዲቪዲ ድራይቭ ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ከተሞች ፊልም ከዲስክ ወደ ኮምፒውተር ለማስገልበጥ ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በእጁ የያዘው የሰርግ፣ የመልስ ወይም የክርስትና ዲቪዲ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። በውስጡ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ቆመው ሲመርቁ ይታያሉ። ዲስኩን የሚያነበው ድራይቭ በገንዘብ ይተካል፤ ይህ ዲስክ ግን አይተካም። ስለዚህ ድራይቩ ሲደክም አስቀድመን የምንሳሳለት ለዲስኩ መሆን አለበት።

ሳያጣሩ ድራይቩ ሞቷል ብሎ መፍረድ። እምቢ ያለው አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የዲስኩ ሊሆን ይችላል። ቪሲዲ እያነበበ ዲቪዲ አላነብ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲዲና ቪሲዲ የሚነበቡት በ780 ናኖሜትር፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650 ናኖሜትር ጨረር ስለሆነ፣ አንዱ ደክሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ኬብሉንም ነቅለው መልሰው ይሰኩት።

የደከመውን ድራይቭ በተጎዳ ዲስክ ላይ ማስጨነቅ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል፤ ሰውየውም ‹‹አንድ ጊዜ ልሞክር›› እያለ ሌሊቱን ያነጋል። ትክክለኛው መንገድ ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ማውጣት፣ አስቸጋሪውን ለኋላ ማቆየት ነው። ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚሠራው እንዲህ ነው። የት እንደደረሰ በፋይል ይመዘግባል፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ድራይቭ ቢቀየርም እንዲሁ። ከዚህ የተነሳ አሮጌውን ድራይቭ አዲሱ እንደመጣ አይጣሉት። አዲሱ ያቃተውን ቦታ አሮጌው የሚያነብበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱ የየራሳቸውን አውጥተው አንድ ሙሉ ፋይል ይሞላሉ።

በጥርስ ሳሙና፣ በቤንዚን ወይም በሸሚዝ ጫፍ ማጽዳት። ዲስክ የሚጠረገው በለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ነው። ክብ እየዞሩ ሲጠርጉ የሚፈጠረው ጭረት የመረጃውን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ለማንበብ በጣም ያስቸግራል። የድራይቩ ሌንስ በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ነገር ናት። አቧራውን በአየር እፍ ያድርጉላት፤ በጣት አይጫኗት።

ሳይለኩ መግዛት። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የማይገጥም ዕቃ ይዞ መመለስ ያናድዳል። የላፕቶፕ ድራይቭ ውፍረት 12.7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቆየ ዴስክቶፕ ሰፊውን የአይዲኢ ኬብል፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ደግሞ ቀጭኑን የሳታ ኬብል ይጠቀማል። አሮጌውን ነቅለው ይዘው ቢሄዱ ክርክር አይኖርም። በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ይሰኩት፤ የዩኤስቢ 2.0 መደበኛ አቅም 500 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሆነ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ሲጋራው ዲስኩን ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል።

ያገለገለ ድራይቭ ሲገዙ የክልል ቁጥሩን አለማየት። ለገበያ የወጡ የፊልም ዲቪዲዎች ብዙዎቹ በየትኛው የዓለም ክፍል እንዲታዩ እንደተፈቀደ የሚወስን የክልል ቁጥር አላቸው፤ በዚህ አከፋፈል ኢትዮጵያ ክልል 5 ውስጥ ናት። ድራይቩ ቁጥሩን 5 ጊዜ ብቻ ያስቀይራል፤ ከዚያ በኋላ ይቆለፋል። የሰርግ ዲቪዲን ይህ አይመለከተውም።

ብርዱን መናቅ። የደብረ ብርሃን ማለዳ ያቀዘቀዘውን ድራይቭ ወይም ዲስክ ጣርማ በርን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ወዲያው ከከፈቱት ጤዛ ሊይዘው ይችላል። እንደታሸገ ይቆይና ሙቀቱ ይስተካከል። በኮምፒውተር የተጻፈ ዲስክ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አይቀመጥም፤ መረጃውን የያዘው ቀለም በብርሃን ይጎዳል።

የተገለበጠውን ከመጀመሪያው ብቻ አይቶ ማስረከብ። 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ዲቪዲ ሁለት ንብርብር አለው፤ ደካማ ድራይቭ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ መሃል አካባቢ ነው። ፋይሉን መሃሉ ላይና መጨረሻው ላይ ከፍተው ይዩት፤ ድምፁንም ያዳምጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ ዲስኩን ለባለቤቱ ይመልሱ።