ቼልተንሃም ላይ የሚወራረዱበትን ፈረስ እንዴት ይመርጣሉ?

በእንግሊዝ ግሎስተርሻየር፣ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ የሚካሄደው የቼልተንሃም የመሰናክል ፈረስ ግልቢያ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ የሚዘልቅ ነው፤ 28 ውድድር አለው። ሁሉም ላይ ልወራረድ ያለ ሰው ኪሱ ዓርብን አያይም። ስለዚህ ቢጠፋ የማይቆጭዎትን ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡና ከፈረሱ በፊት ውድድሩን ይምረጡ።

«ሃንዲካፕ» የተባሉትን ጀማሪ ባይነካቸው ይሻላል። ጠንካራው ፈረስ ከባድ፣ ደካማው ቀላል ክብደት ተሸክሞ እንዲሮጥ ተደርጎ ሆን ተብሎ ያመጣጠኗቸው ናቸው፤ ከ20 በላይ ፈረስ የሚሰለፍባቸውም አሉ። የማክሰኞው ቻምፒዮን ሀርድል፣ የረቡዕ ኩዊን ማዘር ቻምፒዮን ቼዝ፣ የሐሙሱ ስቴየርስ ሀርድልና የዓርቡ ጎልድ ካፕ ግን የአቅም ውድድሮች ናቸው። ሀርድል ዝቅ ያለ፣ ሲመታ የሚያጋድል መሰናክል ነው። ቼዝ ላይ ያለው አጥር ቢያንስ 1.37 ሜትር ይሆናል፤ ሀርድል የለመደ ሁሉ አይዘለውም።

ቀጥሎ ከፈረሱ ስም አጠገብ ያለውን የውጤት መስመር ያንብቡ። «2ኤፍ1-131» ቢል የቅርቡ ውጤት በስተቀኝ ያለው ነው፦ አንደኛ፣ ከዚያ በፊት ሦስተኛ፣ ከዚያም በፊት አንደኛ። ጭረቷ ዘንድሮን ከአምና ትለያለች። ኤፍ ማለት ወደቀ፣ ዩ ጋላቢው ከኮርቻው ተፈናጥሮ ወደቀ፣ ፒ ውድድሩን አቋረጠ ነው። አንድ ውድቀት አያስፈራኝም፤ ፒ የተደጋገመበትን ግን እተወዋለሁ። ደግሞ ማንን እንዳሸነፈ ይዩ፤ ከአራት ደካሞች ጋር ሮጦ ያገኘው 1 ከብርቱዎች ጋር ካገኘው 3 ያንሳል።

ሜዳውን አይርሱ። ሽቅብ ቁልቁል የበዛበት ሲሆን ከመጨረሻው መሰናክል እስከ ማብቂያው መስመር ዳገት ነው። ስንቱ ፈረስ የመጨረሻውን እየመራ ዘልሎ እዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል! ጎልድ ካፕ ደግሞ 5.3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀትና 22 አጥር አለው፤ በአጭር ርቀት ፈጣን የነበረ ሁሉ አይዘልቀውም። ስለዚህ እዚሁ ሜዳ ላይ አሸንፎ የሚያውቀውን አስቀድማለሁ። ዝናብ ከጣለ ያን ቀን ጠዋት የመሬቱን ሁኔታ ይመልከቱ፤ ጭቃ የሚወድ ፈረስና ጭቃ የሚጠላ ፈረስ የተለያዩ ናቸው።

አየርላንዶችን መናቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ28ቱ ውድድር 23ቱን ወስደዋል። አሰልጣኙ ዊሊ ሙሊንስ ብቻውን በ2024 የፌስቲቫሉን 100ኛ ድሉን አግኝቷል። ችግሩ በአንድ ውድድር ብዙ ፈረስ ማሰለፉ ነው፤ ዋናው ጋላቢው የትኛውን እንደመረጠ ማየት ይረዳል።

አሁን ወደ ኦዱ፣ ማለትም ፈረሱ ቢያሸንፍ ስንት እንደሚከፈልዎት ወደሚያሳየው ቁጥር። አገር ቤት ትኬት ላይ 3.50 ተብሎ የምናውቀው እዚያ 5/2 ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት ቢያስይዙ አምስት ያተርፋሉ፣ ያስያዙትም ይመለሳል። የሁሉም ተመራጭ የሆነ ፈረስ ኦዱ ትንሽ ነው፣ መሰናክሉ ግን ለእሱም ያው ነው። በ2025ቱ ቻምፒዮን ሀርድል ኮንስቲቱሽን ሂል መሐል ላይ ወደቀ፤ ስቴት ማን እየመራ የመጨረሻው መሰናክል ላይ ወደቀ፤ 25/1 የተሰጣት ጎልደን ኤስ አሸነፈች።

ኦዱ ከፍ ላለ ፈረስ «ኢች ዌይ» የሚባለው አለ፦ የገንዘቡ ግማሽ ለማሸነፍ፣ ግማሹ ከፊተኞቹ አንዱ ለመሆን። በ10/1 ፈረስ 10 ፓውንድ ቢያስይዙና ሦስተኛ ቢወጣ፣ የደረጃው ክፍያ የኦዱ አንድ አምስተኛ ከሆነ 15 ፓውንድ ይደርስዎታል። በ2/1 ፈረስ ግን ያው ውጤት 7 ፓውንድ ብቻ ስለሚመልስ ሦስት ከስረዋል። ሳምንታት ቀድመው ከተወራረዱ ደግሞ ፈረሱ ሳይሮጥ ቢቀር ገንዘብዎ እንደሚመለስ ያረጋግጡ፤ ካልተባለ አይመለስም።